ሰርቨር ከተቀየረ ከ4 ወር በኋላ የሚመጣ የሪሞት ዴስክቶፕ ላይሰንስ ችግር

ጥያቄው፦ «ሪሞት ዴስክቶፕ የምንሠራበት ሰርቨር ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ነበር። ላይሰንስ ሰርቨሩም እዚያው ላይ ነበር፤ 30 የፐር ዩዘር ካል (ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚገዛ የመግቢያ ፈቃድ) ገዝተን አስገብተንበታል። ከ4 ወር ገደማ በፊት በአዲስ ማሽን ላይ ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ጭነን፣ ዶሜይን ውስጥ አስገብተን ሁሉን ነገር አዛወርን። ያለ ምንም ችግር ሲሠራ ከርሞ ሰኞ ጠዋት ተጠቃሚዎች በሙሉ መግባት አቃታቸው። መልእክቱ ላይሰንስ የሚሰጥ ሰርቨር ስላልተገኘ ግንኙነቱ ተቋርጧል የሚል ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ ግን ለየት ብሎ የላይሰንስ ፕሮቶኮል ስህተት ይላል። አሮጌው ሰርቨር ተዘግቶ ተቀምጧል፣ አልተጣለም። አንድ ባልደረባዬ የግሬስ ፒሪየዱን (የእፎይታ ጊዜውን) ቁልፍ ከሬጂስትሪ፣ ማለትም ዊንዶውስ ውቅሩን ከሚያስቀምጥበት መዝገብ፣ አጥፋው ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ሰኞ ጠዋት የተበላሸ ነገር የለም። አዲሱ ሰርቨር ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ላይሰንስ አላገኘም። ይህንን ሸፍኖ ያቆየው የሴሽን ሆስት ሮል (ብዙ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ ሰርቨሩ ላይ እንዲሠራ የሚያደርገው ክፍል) ሲጫን የሚሰጠው የ120 ቀን የእፎይታ ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሰርቨሩ ላይሰንስ ሰርቨር ኖረም አልኖረም የመጣውን ሁሉ ያስገባል፤ ቀኑ ሲያልቅ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ሰሞኑን የገባውን አፕዴት ወይም የተነካካውን ፋየርዎል በመመርመር ጊዜ አይፍጁ። መታየት ያለበት ከ4 ወር በፊት ሰርቨሩ ሲቀየር የተዘለለው ሥራ ነው።

ሁሉም በአንድ ጠዋት መቆማቸው ራሱ ምርመራውን ግማሽ መንገድ ያደርሰዋል። ችግሩ የፐር ዲቫይስ ቢሆን ኖሮ መልኩ ሌላ ነበር። በፐር ዲቫይስ አሠራር ላይሰንሱ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ጊዜያዊው 90 ቀን ይቆያል፣ ቋሚው ደግሞ ከ52 እስከ 89 ቀን ባለው መካከል በዕጣ በሚመጣ ቀን ያልቅና ይታደሳል። ላይሰንስ ሰርቨሩ ከመንገድ ሲወጣ ማሽኖቹ ዛሬ አንዱ፣ ከነገ ወዲያ ሌላው እያሉ በየተራ ይወድቃሉ። በአንድ ቀን ሁሉም ከወደቁ ያለቀው የሴሽን ሆስቱ የራሱ የእፎይታ ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ እርስዎ ራስዎ መግባት አለብዎት። የሪሞት ዴስክቶፕ ክላየንቱን ከራን መስኮት ሲያስነሱ ከፕሮግራሙ ስም (ኤም፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኤስ፣ ሲ) ቀጥሎ ክፍተት ትተው «ስላሽ አድሚን» የሚለውን ይጨምሩ። ይህ የአስተዳደር ግንኙነት ስለሆነ ካል አይጠይቅም፤ በአንድ ጊዜ እስከ 2 ሰው ድረስ ይፈቅዳል። ለተጠቃሚዎች መሥሪያ ማድረግ ግን አይቻልም። በነገራችን ላይ፣ ሰርቨሩን የሚጠቀሙት ሁለት አድሚኖች ብቻ ከሆኑ መፍትሔው ላይሰንስ መግዛት አይደለም። የሴሽን ሆስት ሮሉን ማንሳት ይበቃል፤ ሰርቨሩ ያለ ሮሉም ለአስተዳደር 2 ሴሽን ይሰጣልና። ሳያስፈልገው ሮሉን ጭኖ ከ120 ቀን በኋላ የሚደነግጥ ሰው ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። የእርስዎ ጉዳይ ግን 30 ተጠቃሚ ያለው ስለሆነ እንቀጥል።

ቀጥሎ የሚከፈተው መሣሪያ የላይሰንሲንግ ዳያግኖዘር ነው። በራን መስኮት ውስጥ በላቲን ፊደል ኤል፣ ኤስ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤ፣ ጂ፣ ነጥብ፣ ኤም፣ ኤስ፣ ሲ ብለው ይጻፉ። «አልተገኘም» ካለ አልተጫነም ማለት ነው፤ ከሰርቨር ማኔጀር ፊቸርስ ውስጥ በሪሞት ሰርቨር አስተዳደር መሣሪያዎች ሥር ያገኙታል። መከፈት ያለበት ሴሽን ሆስቱ ላይ ነው። ላይሰንስ ሰርቨሩ ላይ ከፍቶ «ሁሉ ደህና ነው» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ካሎቹ ጓዳው ውስጥ መኖራቸውና እንግዳ ተቀባዩ የጓዳውን መንገድ ማወቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

ዳያግኖዘሩ ላይ የሚያነቡት ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ የሴሽን ሆስቱ ስም፣ ቨርዥኑና የላይሰንሲንግ ሞዱ፤ ከዚያ ለክላየንቶች የቀረበው የላይሰንስ ብዛት፤ ቀጥሎ የተገኙት ችግሮች ዝርዝር፤ ከታች ደግሞ የሚያውቃቸው ላይሰንስ ሰርቨሮች ስም። የእርስዎ ላይ ብዛቱ 0 እንደሚል ጥርጥር የለኝም። ዋናው 0 ያደረገው ምክንያት ነው። ሦስት ዓይነት ንባብ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ሦስቱም አንድ ላይ የሚመጡበት ጊዜም አለ።

አንደኛው «የላይሰንሲንግ ሞድ አልተዋቀረም» ነው። አዲስ ሰርቨር ላይ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሮሉ በሚጫንበት መንገድ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። ሰርቨር ማኔጀር ሮል ሲያስጨምር ሁለት ምርጫ ያቀርባል፦ ተራው የሮል ጭነት፣ እና የሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ ጭነት። ተራውን መርጠው ሴሽን ሆስቱን ብቻ ከጫኑ ኮኔክሽን ብሮከር (ተጠቃሚዎችን ወደ ሴሽን ሆስት የሚያገናኘው ክፍል) አይኖርም። ብሮከር ከሌለ ደግሞ ሰርቨር ማኔጀር ውስጥ ሞዱንና የላይሰንስ ሰርቨሩን ስም የሚሞሉበት ገጽ ጭራሽ አይመጣም። አጫጫኑ በሰላም ያልቃል፣ ተጠቃሚዎች ይገባሉ፣ ማንም የቀረ ነገር እንዳለ አያስተውልም። እንዲህ ለተጫነ ሰርቨር ውቅሩ የሚሰጠው በግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም ዊንዶውስ ለማሽኖች ውቅር በሚያወርድበት መሣሪያ ነው።

መንገዱ ይህ ነው፦ ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ሴሽን ሆስት፣ ላይሰንሲንግ። እዚያ ውስጥ የሚሞሉት ሁለት መስመር ነው። «ዩዝ ዘ ስፔሲፋይድ ሪሞት ዴስክቶፕ ላይሰንስ ሰርቨርስ» በሚለው ላይ የላይሰንስ ሰርቨሩን ሙሉ ስም ከነዶሜይኑ ይጻፉ፤ ላይሰንስ ሰርቨሩ እዚያው ማሽን ላይ ቢሆንም ይጻፉት፣ ራሱን በራሱ ያገኛል ብለው አይተዉት። «ሴት ዘ ሪሞት ዴስክቶፕ ላይሰንሲንግ ሞድ» በሚለው ላይ ደግሞ የገዙትን የካል ዓይነት ይምረጡ። ሁለቱ አብረው ካልተሞሉ አንዱ ብቻውን አይሠራም። ፖሊሲው መድረሱን በሬጂስትሪ ማጣራት ለሚፈልግ፣ በፖሊሲስ ቅርንጫፍ ተርሚናል ሰርቪስስ ሥር ላይሰንሲንግ ሞድ የሚለው ቁጥር ለፐር ዲቫይስ 2፣ ለፐር ዩዘር 4 ሆኖ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ንባብ ላይሰንስ ሰርቨር ተጠቅሷል ግን አይገኝም የሚለው ነው። እዚህ ጋ በዳያግኖዘሩ የታችኛው ሣጥን ውስጥ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል ያንብቡ። ሰርቨር ከተቀየረ በኋላ እዚያ ቦታ የአሮጌው ስም ቁጭ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። አዲሱን ማሽን አሮጌው ወደነበረበት ኦርጋናይዜሽናል ዩኒት (ማሽኖች በዶሜይኑ ውስጥ የሚመደቡበት ክፍል) ሲያስገቡት የድሮው ግሩፕ ፖሊሲ ይወርድበታል፤ ፖሊሲው የሚያውቀው ደግሞ የድሮውን ስም ነው። አድሚኑ ሰርቨር ማኔጀር ውስጥ አዲሱን ስም ደጋግሞ ይሞላል፣ ምንም ለውጥ አያይም፤ ምክንያቱም ግሩፕ ፖሊሲ ከሰርቨር ማኔጀር ውቅር በላይ ነው። የትኛው ፖሊሲ እንደጻፈው ለማወቅ የጂፒ ሪዘልት ትዕዛዝን በኤችቲኤምኤል ሪፖርት መልክ አውጥተው በላይሰንሲንግ ሥር ያለውን የፖሊሲ ስም ማየት ይበቃል። የሚስተካከለውም እዚያው ፖሊሲ ላይ ነው።

ስሙ ትክክል ሆኖ የማይገኝ ከሆነ ደግሞ የመንገድ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ማሽኖች ከተለያዩ፣ ከሴሽን ሆስቱ ወደ ላይሰንስ ሰርቨሩ የቲሲፒ ፖርት 135፣ ፖርት 445 እና ከ49152 እስከ 65535 ያሉት ተለዋዋጭ የአርፒሲ ፖርቶች ክፍት መሆን አለባቸው። ብዙ ሰው 135ን ብቻ ሞክሮ «ክፍት ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ 135 ግን የሚያደርገው ወደ ሌላ ፖርት መምራት ብቻ ነው፤ ዋናው ንግግር የሚካሄደው በሚመራበት ፖርት ነው። በመካከላቸው ፋየርዎል ካለ መታየት ያለበት እሱ ነው። ዳያግኖዘሩ ሰርቨሩን አግኝቶ የአድሚን መብት ማረጋገጥ አልቻልኩም ካለ ግን ብልሽት አይደለም፤ በቀኝ በኩል ባለው ክሬደንሻል ማስገቢያ የላይሰንስ ሰርቨሩን አድሚን ሲሰጡት ይጠፋል።

አንድ እምብዛም የማይታወቅ ነገር ላክል። ላይሰንስ ሰርቨሩ ላይ «ላይሰንስ ሰርቨር ሴኩሪቲ ግሩፕ» የሚባል ፖሊሲ በርቶ ከሆነ ካል የሚሰጠው ለዚሁ በተለየ የራሱ ግሩፕ ውስጥ ላሉ ሴሽን ሆስቶች ብቻ ነው። አሮጌው ሴሽን ሆስት እዚያ ተመዝግቦ፣ አዲሱ ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስሙ፣ ፖርቱ፣ ሞዱ ሁሉ ተስተካክሎ እምቢ ካለ ይህን ይመልከቱ።

ሦስተኛው ንባብ የሚያስወጣው ገንዘብ ስላለ በጥሞና ይነበብ። ላይሰንስ ሰርቨሩ ተገኝቷል፣ ካል አለው፣ ግን ለዚህ ሴሽን ሆስት የሚሆን አይደለም ይላል። የእርስዎ 30 ካሎች የ2016 ናቸው፤ ሴሽን ሆስቱ 2022 ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ አዲስ ካል ለአሮጌ ሴሽን ሆስት ይሆናል፣ አሮጌ ካል ለአዲስ ሴሽን ሆስት አይሆንም። የ2022 ካል 2022ንም፣ 2019ንም፣ 2016ንም ያስተናግዳል። የ2016 ካል ግን ለ2019ም ሆነ ለ2022 አይሠራም። ስለዚህ ካሎቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር ብቻውን አያድንዎትም። ዝውውሩ ያለ ስህተት ያልቃል፣ ማኔጀሩ 30 ብሎ ያሳያል፣ ዳያግኖዘሩ ግን 0 ይላል። ሰው ግራ የሚጋባውም እዚህ ጋ ነው።

ላይሰንስ ሰርቨሩ ራሱም ተመሳሳይ ሕግ አለው። የ2016 ላይሰንስ ሰርቨር የ2022 ካል አይቀበልም፤ አሮጌውን ማሽን አስነስተው አዲስ ካል ሊያስገቡበት ቢሞክሩ አይሆንም። የ2022 ላይሰንስ ሰርቨር ግን የራሱንም ከሱ በፊት የነበሩትንም ይይዛል። ሁልጊዜ ላይሰንስ ሰርቨሩን በቤቱ ካሉት ሴሽን ሆስቶች ሁሉ እኩል ወይም ከሁሉ አዲስ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ወረቀቱን ያውጡ። ካሎቹ በቮልዩም ላይሰንስ (በድርጅት ስምምነት) ተገዝተው ሶፍትዌር አሹራንስ (አዲስ ቨርዥን የማግኘት መብት የሚሰጥ ሽፋን) ኖሯቸው፣ ሽፋኑ 2022 ሲወጣ በሥራ ላይ ከነበረ ወደ 2022 የማሳደግ መብት አለዎት፤ አዲስ መግዛት አያስፈልግዎትም። ሽፋን ከሌላቸው ሁለት መንገድ ነው ያለው፦ የ2022 ካል መግዛት፣ ወይም ሴሽን ሆስቱን 2016 አድርጎ እንደገና መትከል። ሁለተኛውን የማልመክረው አድካሚ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ለ2016 ማይክሮሶፍት የሚሰጠው የተራዘመ ድጋፍ ጥር 2027 በአውሮፓ አቆጣጠር ላይ ያልቃል። ለአጭር ጊዜ እፎይታ ሲሉ ተመልሰው እዚያው ጉድጓድ መግባት ይሆናል።

ግዢው ቀናት ከወሰደ ተጠቃሚዎቹ እስከዚያ ምን ይሁኑ? ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሱበት ቦታ ካለ ሕጋዊው መንገድ አዲስ ሴሽን ሆስት ከባዶ መትከል ነው፤ አዲስ ጭነት የራሱ 120 ቀን አለው። ዳታውና ፕሮፋይሉ በሌላ ፋይል ሰርቨር ላይ ከሆነ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ፕሮግራሞቹ ከማሽኑ ጋር የታሰሩ ከሆኑ ግን ልፋቱ አያዋጣም፤ ካሎቹን አፋጥኖ መግዛት ይቀላል።

አሁን ወደ ዝውውሩ። የ2016 ካሎችዎን ወደ 2022 የማሳደግ መብት ካለዎት፣ ወይም ሌላ አሮጌ ሴሽን ሆስት ስላለዎት እነሱም የሚያስፈልጉ ከሆነ፣ አሮጌው ማሽን አለመጣሉ እድል ነው። አስነስተው ኔትወርክ ላይ ያድርጉት። በአዲሱ ማሽን ላይ የላይሰንሲንግ ሮሉን ይጫኑ፤ ላይሰንሲንግ ማኔጀርን ከፍተው ሰርቨሩን መጀመሪያ አክቲቬት ያድርጉ። አውቶማቲክ የሚለው መንገድ ከሰርቨሩ ወደ ኢንተርኔት በፖርት 443 መውጣት ይፈልጋል። ሰርቨሩ ኢንተርኔት የማያገኝ ከሆነ በሌላ ኮምፒውተር ብራውዘር ወይም በስልክ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ማይክሮሶፍት የሚሰጥዎት 35 ፊደልና ቁጥር ያለው የላይሰንስ ሰርቨር መለያ ነው። ኮፒ አድርጎ መለጠፍ እንጂ በእጅ መገልበጥ አይሞከርም፤ ዜሮና ኦን ማምታታት ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይበላል።

አክቲቬት ከሆነ በኋላ በሰርቨሩ ስም ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ማኔጅ ላይሰንስስ» የሚለውን ይምረጡ። ዊዛርዱ ዝውውር መሆኑን ሲጠይቅ አሮጌው ሰርቨር እየተተካ ነው የሚለውን ምክንያት ይስጡ፣ የአሮጌውን ስም ይጻፉ። አሮጌው ሞቶ ቢሆን ኖሮም «ምንጩ ሰርቨር ኔትወርክ ላይ የለም» የሚል ሣጥን አለ፤ ያን ጊዜ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ዓይነትና የላይሰንስ ሰርቨሩን መለያ በእጅ ይሞላሉ። ቀጥሎ የተገዛበትን ፕሮግራም ይጠይቃል፤ በሪቴይል ከተገዛ 25 ፊደልና ቁጥር ያለውን የላይሰንስ ኮድ፣ በቮልዩም ከሆነ የስምምነቱን ቁጥር። ይህ ቁጥር የጠፋበት መሥሪያ ቤት ብዙ ነው፤ ግዢ ክፍል ፋይሉን አስቀድሞ እንዲፈልግ ያድርጉ። ዝውውሩ ሲያልቅ ካሎቹ አሮጌው ላይ መቅረት የለባቸውም፤ አንድ ካል ሁለት ቤት አያድርም። አሮጌውን ዲአክቲቬት አድርገው ሮሉን ያንሱ።

አንድ ቦታ ላይ እጅዎን ይሰብስቡ፦ እዚያው ሜኑ አካባቢ የላይሰንስ ዳታቤዙን እንደገና ገንባ የሚል አለ። የገቡትን ካሎች በሙሉ ያጠፋና እንደገና እንዲያስገቡ ያደርጋል። ዳታቤዙ በእርግጥ ተበላሽቶ ካልሆነ አይነኩት።

የፐር ዩዘር ካል ዶሜይን ይፈልጋል፤ ላይሰንስ ሰርቨሩ ለማን እንደሰጠ የሚጽፈው አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዶሜይኑ መዝገብ) ውስጥ የተጠቃሚው አካውንት ላይ ነው። ለመጻፍ ደግሞ «ተርሚናል ሰርቨር ላይሰንስ ሰርቨርስ» በተባለው የዶሜይን ግሩፕ ውስጥ መሆን አለበት። አዲሱ ማሽን ሁልጊዜ በራሱ አይገባም። ላይሰንሲንግ ማኔጀር ላይ በሰርቨሩ ስም አጠገብ ቢጫ ምልክት ካዩ «ሪቪው» የሚለውን ይጫኑ፤ ወደ ግሩፑ የሚያስገባ አዝራር አለ፣ የዶሜይን አድሚን መብት ይጠይቃል። ከዚያ የላይሰንሲንግ ሰርቪሱን ሪስታርት ያድርጉ። ላይሰንስ ሰርቨሩ ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ ከሆነ «ኔትወርክ ሰርቪስ» የሚለው አካውንትም በግሩፑ ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህ ሲዘለል ሁሉ የተሟላ ይመስላል፣ አይጻፍም።

ግሩፑ ውስጥ ገብቶም ኢቨንት ቪወር ላይ 4105 ቁጥር ያለው ኢቨንት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ስም እየጠራ ከመጣ፣ በእነዚያ አካውንቶች ላይ የመጻፍ መብት ጎድሏል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከድሮ ዶሜይን አብረው የመጡ አካውንቶች ናቸው። በአክቲቭ ዳይሬክተሪ የዴሌጌሽን ዊዛርድ ለዚያው ግሩፕ በዩዘር ኦብጀክቶች ላይ የተርሚናል ሰርቨር ላይሰንስ ሰርቨር ንባብና ጽሑፍ መብት ሲሰጡት ይቆማል። ሰው እንዳይገባ የሚከለክል ችግር አይደለም፤ የአጠቃቀም ሪፖርትዎን ግን ያዛባል። ሪፖርቱ የሚያስፈልግዎት ደግሞ ፐር ዩዘር በቁጥር ስለማያግድ ነው፦ 30 ካል ኖሮዎት 41 ሰው ቢገባ ሲስተሙ ዝም ይላል፣ ተጠያቂነቱ ግን የእርስዎ ነው።

ይህንን የሚያነብና ዶሜይን የሌለው ካለ፦ ፐር ዩዘርን በወርክግሩፕ አይሞክሩ። በቅርብ ጊዜ የሰርቨር ቨርዥኖች ላይ ተጠቃሚው ይገባል፣ ከዚያ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሴሽኑ እንደሚቋረጥ የሚያስታውቅ መልእክት ይመጣል፣ ይቋረጣልም። ለወርክግሩፕ ፐር ዲቫይስ ነው።

ወደ ላፕቶፑ ስንመጣ፣ እሱ የራሱ በሽታ ነው፤ ሰርቨሩ ቢስተካከልም ብቻውን ሊቀር ይችላል። የላይሰንስ ፕሮቶኮል ስህተት የሚመጣው ክላየንቱ በሬጂስትሪው ያስቀመጠው አሮጌ የላይሰንስ መረጃ ሲበላሽ ወይም አዲሱ ወገን ሊቀበለው ሳይችል ሲቀር ነው። ቦታው በሎካል ማሽን ቀፎ፣ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት ሥር «ኤምኤስ ላይሰንሲንግ» የሚል ቁልፍ ነው፤ ውስጡ «ሃርድዌር አይዲ» እና «ስቶር» አሉ። መጀመሪያ ኤክስፖርት አድርገው ባክአፕ ይያዙ፣ ከዚያ ቁልፉን ያጥፉ። ቀጥሎ የሪሞት ዴስክቶፕ ክላየንቱን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብለው አንድ ጊዜ ይገናኙ። ይህች የመጨረሻዋ እርምጃ ስትዘለል ነው «አጥፍቼውም አልሠራም» የሚባለው፦ ተራ ተጠቃሚ በዚያ የሬጂስትሪ ክፍል ውስጥ የመጻፍ መብት ስለሌለው ቁልፉ ተመልሶ አይፈጠርም። አንድ ጊዜ ከተፈጠረ በኋላ ተጠቃሚው እንደ ወትሮው ይገባል።

ባልደረባዎ ስላለው የግሬስ ፒሪየድ ቁልፍ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ቁልፉ አለ፤ በሲስተም ቀፎ በተርሚናል ሰርቨር፣ አርሲኤም ሥር ነው። ሲጠፋና ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ቆጣሪው እንደገና 120 ይጀምራል። ማይክሮሶፍት ሆን ብሎ አድሚን እንኳ ባለቤትነቱን ሳይወስድ እንዳይሰርዘው ዘግቶታል፤ ይህ ብቻውን መልእክት ነው። ካል ሳይገዙ በዚህ መቀጠል የላይሰንስ ውሉን መጣስ ነው። ከሕጉ ባሻገር ሥራውን ራሱ ይጎዳል፦ ዛሬ በሁለት ደቂቃ ሰርዘው ቢገላገሉ፣ ከ120 ቀን በኋላ ያው ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ እርስዎ ፈቃድ ላይ ይሆናሉ። ሞዱና የሰርቨሩ ስም ከተስተካከሉ፣ ካሉም ትክክለኛው ከሆነ፣ ይህን ቁልፍ መንካት አያስፈልግም።

ሁሉ ተሟልቶ ዳያግኖዘሩ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ግንኙነቱ አሁንም እምቢ የሚልበት አንድ ሁኔታ አለ። እዚያው አርሲኤም ሥር «ሰርተፊኬት»፣ «ኤክስ509 ሰርተፊኬት»፣ «ኤክስ509 ሰርተፊኬት አይዲ» እና «ኤክስ509 ሰርተፊኬት2» የሚሉ እሴቶች አሉ። ሴሽን ሆስቱ ከላይሰንስ ሰርቨሩ ጋር የሚግባባበት ሰርተፊኬት እዚያ ነው የሚቀመጠው፤ ሲበላሽ ሁለቱ አይግባቡም። አርሲኤምን ኤክስፖርት አድርገው አራቱን እሴቶች ብቻ ያጥፉና ሰርቨሩን ሪስታርት ያድርጉ፤ አዲስ ይፈጠራል። ከግሬስ ፒሪየዱ ቁልፍ ጋር አንድ ሠፈር ስለሆኑ ሰው አንዱን ሲፈልግ ሌላውን ያጠፋል፤ ስማቸውን አይተው ይንኩ።

ኢቨንት ቪወርን ያልጠቀስኩት ዳያግኖዘሩ የሚለውን ስለሚደግም ነው፤ ግን ዳያግኖዘር መጫን ለማይችል ሦስት ቁጥር ይበቃል። 1130 የላይሰንስ ሰርቨር ስም አልተሰጠም ነው። 1069 የእፎይታ ጊዜው አልቆ ሞዱ አልተዋቀረም ነው። 1128 ደግሞ ጊዜው አልቆ ካል ያለው ላይሰንስ ሰርቨር ጋ አልተመዘገበም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የውቅር ናቸው፣ በአንድ ሰዓት ያልቃሉ። 1128 ብቻውን ከቀረ ወይ መንገዱ ወይ የካሉ ቨርዥን ነው።

ውቅሩን ከቀየሩ በኋላ የግሩፕ ፖሊሲ አፕዴት ትዕዛዙን ያስኪዱና ሴሽን ሆስቱን ሪስታርት ያድርጉ። የሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪሱን ብቻ ሪስታርት ማድረግም ይቻላል፤ ሁለቱም የገባውን ሰው ሁሉ ስለሚያባርሩ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን። ሙከራውን በአድሚን አካውንት፣ በተለይም «ስላሽ አድሚን» ብለው አያድርጉት፤ እሱ ካል ስለማይነካ ቀድሞም ይሠራ ነበር፣ አሁን መሥራቱ ምንም አያረጋግጥም። የሪሞት ዴስክቶፕ ዩዘርስ ግሩፕ አባል ብቻ የሆነ ተራ ተጠቃሚ አስገብተው፣ ዳያግኖዘሩ ላይ የላይሰንስ ብዛቱ ከ0 በላይ መሆኑን፣ ላይሰንሲንግ ማኔጀር ላይ ደግሞ በሚወጣው የፐር ዩዘር ሪፖርት ውስጥ የዚያ ሰው ስም ከነማብቂያ ቀኑ መግባቱን ይዩ። ቀኑ ከዛሬ 60 ቀን ወዲያ ከሆነ ካሉ ከትክክለኛው ቦታ መጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ነው አሮጌውን ሰርቨር ማንሳት የሚቻለው።